አህያና ዕረፍተ ሰንበት



በዚህ እትም የምናቀርበው ጥናት ስለ አህያ ነው። «ስለ አህያ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ይሁን እንጂ ቅዱሳት መጻሕፍትን የመረመረ ሰው አህያ ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምራ እስከ ወንጌል ድረስ ከአባቶች ጎን ሳትለይ እንደተጓዘች ያገኛል። ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ስለሆንን ያደግነው እርሷ በተሸከመችው ውኃና እህል ነው። ዛሬ ደብተር ይዘን ዩኒቨርሲቲ ብንገባም ለትምህርት ቤት ደብተር መግዣ የሆነው ጤፍና ባቄላ ወደ ገበያ የወጣው በማን ጀርባ እንደሆነ አንዘነጋውም።

በደጋው አገር፣ ሁለት ጥማድ መሬት ባለው ገበሬ ቤት፣ የአህያ ቀን የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ሌሊቱን ከቤቱ በአንደኛው ወገን በተከለለው ጋጣ ታድራለች፤ ጅብ ከከብት ሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው እርሷን ነውና ደጅ አትታደርም። ጎሕ ሲቀድ ልጆች ጀሪካኑን ጭነው ወደ ምንጭ ይነዷታል። ከዚያ መልስ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት መልስ ጭድ ወይም ኩበት ወይም ማገዶ ይቆያታል። በገበያ ቀን ደግሞ አባወራው እህሉን ጭኖ ዳገት ቁልቁለቱን ሦስት አራት ሰዓት ያስኬዳታል። ማታ ጭነቱ ሲወርድላት አስቀድማ የምታደርገው ነገር ቢኖር አመድና አቧራ ፈልጋ መንከባለል ነው፤ እኛም ልጆች ሳለን ይህን ለማየት እንሽቀዳደም ነበር። ሁለት አህያ ባለበት ቤት አንደኛዋ ከሌላዋ አትለይም፤ አንዷ ተሽጣ ወይም ሞታ እንደሆነ የቀረችው መኖዋን ትታ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። የጌታዋንም ልጅ ድምፅ ከሩቅ ለይታ ጆሮዋን ታቀናለች፤ ታናፋለችም። ነቢዩ ኢሳይያስ አህያ የጌታዋን ጋጣ ታውቃለች ሲል እስራኤልን የወቀሰው ይህን የመሰለውን ነገር በዓይኑ እያየ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን አንድ የሚያሳዝን ልማድ አለን። በሬው ስም ይወጣለታል፣ ይፎከርለታል፣ ይዘፈንለታል። አህያዋ ግን ስሟ ስድብ ነው። ሞኝን ሰው ስንሰድብ በእርሷ ስም እንሰድባለን፤ በተረታችንም ውስጥ ወይ ከጅብ የማያስጥል ባል ናት፣ ወይ ዳውላዋ የሚደበደብባት ናት። ይህ ንቀት በቃል ብቻ ቢቀር ግድ ባልነበረ፤ ወደ ዱላ ስለሚለወጥ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለ ግትርነቷ እንናገር። አህያ በመንገድ ላይ ድንገት ቆማ አልሄድም ያለች እንደሆነ «እልኸኛ» ትባላለች። የእንስሳትን ጠባይ ያጠኑ ሰዎች እንደሚያስረዱት ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፤ አህያ ግን አስፈሪ ነገር ስታይ ቆማ መመልከት ተፈጥሮዋ ነው። የቆመችበትን ምክንያት ሳይጠይቅ ዱላ የሚያነሣ ሰው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 የተጻፈውን የበለዓምን ታሪክ ያንብብ። አህያይቱ ከመንገድ የወጣችው፣ ከቅጥሩም የተጣበቀችው፣ በመጨረሻም የተኛችው መልአኩ ሰይፉን መዝዞ ስላየች ነበር። ነቢይ የተባለው ሰው ግን አላየም፤ ሦስት ጊዜም ደበደባት። መልአኩ ለበለዓም የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ስለ ጉዞው ዓላማ አለመሆኑን እንመልከት፤ አህያይቱን ስለ ምን መታኻት ብሎ ነው የጀመረው። በጥናታችን ጊዜ ብዙ ያነጋገረን ይህ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ሕገ ኦሪት የሰንበትን ዕረፍት ሲያዝ ባለቤቱን፣ ልጁን፣ አገልጋዩንና መጻተኛውን ብቻ አልቆጠረም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ቁጥር 12 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ቁጥር 14 በሬና አህያ በየስማቸው ተጠርተዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም ቀዳሚትንና እሑድን ታከብራለች፤ ይህም በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ የጸና ነው። ገበሬ ወላጆቻችን በእነዚህ ቀናትና በበዓላት በሬ አይጠምዱም፤ ቢርባቸው እንኳ ሞፈር ቀንበር አያነሡም። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ታዲያ አህያዋስ? በብዙ ወረዳዎች ትልቁ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ በሬው በመስኩ ሲያርፍ እርሷ ከሳምንቱ ሁሉ የከበደውን ጭነት ተሸክማ ትውላለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ የቡናውንና የእንግዳውን ውኃ የምታመጣ እርሷ ናት። መሬት አልታረሰም፤ ሥራው ግን አልቆመም፤ ከበሬው ጫንቃ ወደ አህያዋ ጀርባ ዞረ እንጂ።

ጌታችን በምኩራብ ጎባጣዋን ሴት በሰንበት ፈውሶ ሲነቅፉት፣ እያንዳንዳችሁ በሰንበት በሬውን ወይም አህያውን ከግርግም ፈትቶ ውኃ ሊያጠጣው ይወስደው የለምን በማለት መልሶላቸዋል (ሉቃ. 13፥15)። እነዚያ ሰዎች በሰንበት አህያዋን ወደ ውኃ ይወስዷት ነበር፤ እኛ ግን በሰንበት ውኃውን በአህያዋ ላይ እንጭናለን።

ስለ ጭነቱም ልክ ጥቂት እንበል። የአገራችን አህያ ትንሽ ናት፤ የብዙዎቹ ክብደት ከ100 ኪሎ እምብዛም አይርቅም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ሲጫን የውኃው ክብደት ብቻ 80 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል እህል ሲጫንባት ደግሞ የራሷን ያህል ተሸከመች ማለት ነው። ሆኖም ገጣባ የሚያወጣው የጭነቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ጭነቱ በግራና በቀኝ ካልተካከለ ያጋድላል፣ ሲያጋድል ይፈገፍጋል፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ድሪቶ ከሳሳ ወይም ከረጠበ ቆዳው ይላጣል፤ ክብደቱ በጀርባ አጥንቷ ላይ በቀጥታ ካረፈ ቁስሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወፍራምና ደረቅ ምንጣፍ አድርጎ ክብደቱን ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ማሳረፍ፣ መጫኛውም ብብቷን እንዳይቆርጥ ሰፋ አድርጎ ማሰር ይገባል። ማታ ማታ በእጅ ጀርባዋን ዳብሶ ያበጠ ወይም የሞቀ ቦታ መፈለግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቁስል ከተገኘ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጥቂት ጨው ጨምሮ ማጠብና እስኪሽር ድረስ አለመጫን ነው፤ በቁስል ላይ ደርቦ መጫን ግን የሁለት ሳምንቱን ሕመም የዓመት ያደርገዋል። አህያ ሕመሟን ስለማትገልጥ ዝምታዋን እንደ ጤና መቁጠር አይገባም።

አንዳንድ ክርስቲያኖች በአህያ ትከሻ ላይ የሚታየው የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥቁር መሥመር ጌታ በሆሣዕና ዕለት ስለተቀመጠባት የተሰጣት ነው ይላሉ። ነገሩ ጣፋጭ ነው፤ ግን መሥመሩ በዱር አህያ ላይም ስለሚገኝ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ለአህያ ክብር በዘካርያስ ትንቢት የተነገረውና በማቴዎስ ምዕራፍ 21 የተፈጸመው ይበቃታል፤ ተረት መጨመር አያስፈልገንም። ይልቁንስ ሊያስገርመን የሚገባው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የዘር ጥናት እንዳመለከተው፣ አህያ ከ7,000 ዓመት በፊት ገደማ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ መሆኑ ነው። የዱር ዘመዶቿም ዛሬ በአፋር በረሃ በጥቂት ቁጥር ቀርተዋል።

ሌላም አሳሳቢ ነገር አለ። ከአህያ ቆዳ በቻይና አገር ኤጂያዎ የሚባል መድኃኒት ስለሚሠራ ቆዳዋ በዓለም ገበያ ተፈላጊ ሆኗል። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አንድ የአህያ ቄራ ሥራ ጀምሮ ሕዝቡ ስለተቃወመ በዚያው ዓመት ተዘግቷል፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያ ለቆዳዋ እንዳትታረድ ተስማምተዋል። አህያ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ውርንጭላ ብቻ ስለምትወልድ የታረደችውን በቶሎ መተካት አይቻልም። ሕዝቡ ብዙ ጊዜ የተናገረው ሥጋዋ ርኩስ ስለመሆኑ ነበር፤ እኛ ግን ከዚህ የሚከብድ ምክንያት አለ እንላለን። አህያ ከቤት በጠፋች ቀን ጀሪካኑና እንጨቱ የሚመለሰው ወደ እናቶቻችንና ወደ እኅቶቻችን ጀርባ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የቅዳሜን ገበያ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር የእኛ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ቅዳሜ ገበያ የዋለች አህያ እሑድን እንድታርፍ ማድረግ የእያንዳንዱ ቤት ሥልጣን ነው። የእሑዱን ውኃ ዓርብ ማታ ቀድቶ በጋን ማኖር ይቻላል። ጎረቤታሞች ሁለት አህያ ቢኖራቸው በየተራ እየጫኑ አንዷን ማሳረፍ ይቻላል። እሑድም ያለ ጭነት ወደ ወንዝ ወስዶ ማጠጣትና በመስክ መልቀቅ ነው፤ ይህ ለትንንሽ ልጆች የሚሰጥ መልካም ሥራ ነው።

ይህን አሳብ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በየቤታችን አንሥተነው ነበር። አንዲት እናት ሲሰሙን ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ቃሉስ እውነት ነው፤ እሑድ እንግዳ ድንገት ቢመጣብኝና ጋኑ ቢጎድልስ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም፣ «እንደዚያ ከሆነ ወንዱም ሴቱም ልጅ ጀሪካኑን በትከሻው ይዞ ይውረድ» ብለን መለስንላቸው። እርሳቸውም ሥቀው፣ «ይሁን እሺ፤ ለፋሲካ ስትመጡ ከእናንተው እንጀምራለን» አሉን።