የቆዳ ቦርሳ በራስ ጣዕም፦ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ለሚኖሩ የአመራረጥና የአያያዝ መመሪያ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዱ ሞጆ ይደርሳሉ። የሞጆ ፋብሪካዎች የበግ፣ የፍየልና የከብት ቆዳ ያለፋሉ። ከሞጆ ወደ ቆቃ ሲወርዱ ኢጀርሳ ላይ ያለው ኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካም ለዓመታት በእንግሊዙ ፒታርድስ ኩባንያ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1826 የተመሠረተውና በ2023 የወደቀው ፒታርድስ በጓንት ቆዳ የታወቀ ነበር፤ ለዚህ ሥራው ይፈልጋቸው ከነበሩት ቆዳዎች አንዱም የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ነበር።

እኛ ግን እዚሁ ቆዳው ከሚለፋበት አገር ተቀምጠን ውድ ቦርሳ ስንገዛ አስቀድመን የምናየው ፊቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ስም የራሱ ዋጋ አለው። ጥሩ ጣዕም ያለው ሰው ግን ኑሮውን አውቆ፣ ቆዳውን በእጁ ዳስሶ፣ ስፌቱን በዓይኑ መርምሮ ይመርጣል። ይህ ደግሞ በትምህርት የሚገኝ ችሎታ ነው። ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

1. መጀመሪያ ኑሮዎን ይመልከቱ

ሱቅ ከመግባትዎ በፊት አሁን የሚይዙትን ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉት። ስልክ፣ ቻርጀር፣ ቁልፍ፣ መነጽር፣ ሃይላንድ ውኃ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የቢሮ ወረቀት፤ በየቀኑ የሚያስፈልገውን በአንድ ወገን፣ አልፎ አልፎ የሚያስፈልገውን በሌላ ወገን ይለዩ። የቦርሳዎን መጠን የሚወስነው የመጀመሪያው ክምር ነው። ቀሪው ለሌላ ቦርሳ ይቆይ።

ቀጥሎ የሚውሉበትን ቦታ ያስቡ። አዳማ ነፋስና አቧራ የሚበዛባት ከተማ ናት፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባትም ያለ ምክንያት አይደለም። አፉ ክፍት የሆነ ቦርሳ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ለዕለት ሥራ ዚፕ ያለው ይሻላል። በባጃጅ የሚመላለሱ ከሆነ የባጃጁ ጎን ክፍት ስለሆነ በደረት ላይ ተሻግሮ የሚንጠለጠል ረጅም ማንገቻ ይምረጡ። ባቱ ወይም መቂ ለሥራ ወርደው በዚያው ቀን የሚመለሱ ከሆነ ደግሞ ሲሞላም ትከሻ የማይጎዳ ቀላል ቦርሳ ያስፈልግዎታል።

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ ቦርሳዎችም መነሻቸው እንዲህ ያለ የኑሮ ጥያቄ ነው። የፋሽን ንድፍ ባለሙያዋ ኮኮ ሻኔል እ.ኤ.አ. በየካቲት 1955 ባወጣችው ቦርሳ ላይ የትከሻ ሰንሰለት ያደረገችው የሴቶች እጅ ነጻ እንዲሆን ብላ ነው። ተዋናይትና ዘፋኝ ጄን በርኪን ለእናት የሚበቃ ሰፊ ቦርሳ እንዳጣች በአውሮፕላን ውስጥ ለቦርሳ ሠሪው ኩባንያ ለኤርሜስ ኃላፊ ለዣን ሉዊ ዱማ ነገረችው፤ በስሟ የተጠራው ቦርሳም እ.ኤ.አ. በ1984 ተሠራ። ለእርሷ የተሠራው የመጀመሪያው ቦርሳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ፓሪስ ውስጥ በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ በጨረታ ተሸጠ። ቦርሳው የተጫጫረ፣ የተለጣፊ ወረቀት ምልክት የቀረበትና ማንገቻው ላይ የጥፍር መቁረጫ የተንጠለጠለበት ነበር። በርኪን እንደ ራሷ ኑሮ ተጠቅማበታለች፤ ገዢዎችም የፈለጉት ያንኑ ነው።

2. የቆዳውን ዓይነት ይወስኑ

የበግ ቆዳ። የአገራችን በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ለጓንት የተመረጠውም በዚህ ጠባዩ ነው። ለመዳሰስ ይለሰልሳል፣ አካል ላይ ሲንጠለጠል ይወርዳል። ጥፍርና ቁልፍ ግን በቀላሉ ይጭሩታል። ለምሽት ግብዣ፣ ለሠርግና ቀላል ዕቃ ለሚያዝበት ቦርሳ ይስማማል።

የፍየል ቆዳ። በወሎዋ ባቲ ስም የሚጠራው የፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ገጹ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ መጫጫርን የሚችልና ክብደቱ ያልበዛ በመሆኑ ለዕለት ቦርሳ ከሁሉ ይልቅ እርሱን እመክራለሁ።

የከብት ቆዳ። ወፍራም ስለሆነ ቦርሳው ባዶም ሆኖ ቅርጹን ይዞ ይቆማል። ላፕቶፕና ሰነድ ለሚይዝ ሰው ተመራጭ ነው። ከብቶቻችን በግጦሽ ሲውሉ እሾህ ይቧጭራቸዋል፣ መዥገር ይነክሳቸዋል፣ በጋለ ብረትም ምልክት ይደረግባቸዋል። ይህን ለመሸፈን አንዳንድ ፋብሪካ የቆዳውን ገጽ ፍቆ ቀለም ይቀባና ሰው ሠራሽ መስመር ያትምበታል። ትንሽ የተፈጥሮ ጠባሳ ነውር አይደለም፤ የማንገቻው መገጣጠሚያ ወይም የቦርሳው እጥፋት ላይ ከሆነ ግን ይለፉት፤ ቆዳው ቀድሞ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው።

አለፋፉንም ይጠይቁ። በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙን ይይዛል፣ ውኃንም በተሻለ ይችላል። በዛፍ ቅርፊት የለፋው ጠንከር ያለ ነው፤ በጊዜና በፀሐይ ብዛት ይጠቁራል፣ የውኃ ጠብታም ምልክት ይተውበታል። ቦርሳቸው አብሯቸው ሲያረጅና መልኩን ሲለውጥ ማየት የሚወዱ ሰዎች ይህን ይመርጣሉ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ለሚሻ የመጀመሪያው ይበጀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛ አካባቢ ከጣዕም አይለይም። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ወንዙን እንደሚበክለውም በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ቆዳው ከየትኛው ፋብሪካ እንደመጣና ፋብሪካው ፍሳሹን አጣርቶ ይለቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ያማረ ቦርሳ የጎረቤትን ውኃ አበላሽቶ መሠራት የለበትም፤ ገዢ ካልጠየቀ ደግሞ ሻጭም አይጠይቅም።

3. በእጅዎና በዓይንዎ ይፈትሹ

ሻጩ “ንጹሕ ቆዳ ነው” ቢልዎትም እነዚህን አምስት ነገሮች ሳያዩ አይክፈሉ።

ሀ. የተቆረጠ ጠርዝ ይፈልጉ፤ በኪሱ ውስጥ ወይም በማንገቻው ጫፍ ይገኛል። እውነተኛ ቆዳ ተቆርጦ ሲታይ የተጠላለፈ ቃጫ አለው። ሰው ሠራሹ ግን ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ይታያል።

ለ. ገጹን በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉት። ቆዳ በጣትዎ ዙሪያ ጥቃቅን ሽብሽብ ያወጣና ሲለቁት ይመለሳል። ፕላስቲኩ እንዳለ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ሐ. የቆዳውን ቀዳዳዎች ይመልከቱ። ተፈጥሮ ሁለት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት አይሠራም፤ ቅርጹ እየተደጋገመ ከሄደ በማሽን የታተመ ነው።

መ. ያሽትቱት። የፕላስቲክ ወይም የሙጫ ሽታ ከበረታ ይጠርጥሩ።

ሠ. ነጭ ጨርቅ በትንሹ አርጥበው በማይታይ ጥግ ላይ አሥር ጊዜ ያህል ይሹት። ጨርቁ ከቀለመ ያ ቦርሳ የአገር ልብስዎን ያበላሻል። የሐበሻ ቀሚስ ለሚለብሱ ወይም ለኢሬቻ ነጭ ለብሰው ወደ ሆራ አርሰዲ ለሚወርዱ ሰዎች ይህ ፈተና ከሁሉ ይቀድማል።

በእሳት የመፈተኑን ልማድ ይተዉት። ዕቃ ያበላሻል፤ በላዩ ቀለም የተቀባ ቆዳም ስለሚያሳስት የረባ ነገር አይነግርዎትም።

4. የእጅ ሥራውን ይመርምሩ

ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ርቀቱ እኩል፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሦስት ወይም አራት ጊዜ የተወጋ ይሁን። ከዚህ እጅግ ከበዛ መርፌው ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ካነሰም አይዝም። የስፌቱ መጨረሻ ተደርቦ መሰፋቱን ይዩ። ኤርሜስ የታወቀበት የኮርቻ ስፌት በአንድ ክርና በሁለት መርፌ በእጅ ይሰፋል፤ አንዱ ቦታ ቢበጠስ ሌላው ስለሚይዘው ቶሎ አይተረተርም። በአገራችንም በእጅ የሚሰፉ ባለሙያዎች ስላሉ ይህን ስፌት ስሙን ጠርተው መጠየቅ ይችላሉ።

ማንገቻው ከቦርሳው አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በተለይ ይመርምሩ። አንድ ወይም ሁለት ሊትር ውኃ ከትተው ቦርሳውን አንሥተው ይያዙት፤ ስፌቱ ከተሳበ ወይም ቆዳው ከተለጠጠ አይበረክትም። ዚፑን በተለይ ማዕዘኑ ላይ ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ። ዘለበቱና ቀለበቱ ከበድ ብሎ ቢሰማዎ ጥሩ ነው፤ ላዩ ብቻ የተለበጠው ቀላል ብረት ወርቃማው ቀለሙ በወራት ውስጥ ይለቃል። ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጠው ስፌቱን ይዩ። ፈካ ያለ ቀለም ያለው ገበር ቁልፍ ሲፈልጉ እፎይ ያሰኝዎታል።

5. ስሙንና ዋጋውን ለይተው ይመዝኑ

በገበያችን በብዛት የሚታየው የሉዊ ቪቶን ፊደላት ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣው አስመሳዮችን ለመከላከል ጭምር ነበር። ያ ታዋቂ ንድፍ የሚታተምበት አካል በመሠረቱ ቆዳ አይደለም፤ ላዩ የተቀባ ሸራ ነው። ቆዳው መያዣውና ጠርዙ ነው። ስለዚህ ያ ንድፍ ታትሞበት “ሉዊ ቪቶን፣ ንጹሕ ቆዳ” ተብሎ የሚሸጥልዎ ቦርሳ በዚህ ብቻ እንኳ ያጠያይቃል። “ማስተር ኮፒ” የሚባለውም ቢሆን ኮፒ ነው። በእርሱ የሚያወጡት ገንዘብ እውነተኛ ቆዳና እውነተኛ የእጅ ሥራ ሊገዛልዎ ይችላል።

በአገራችን በቆዳ ቦርሳ ስም ያወጡ አሉ። አባይ ሹልዜ አዲስ አበባ ላይ የመሠረተችው “ዛፍ” የተባለው ድርጅት ቆዳን ከሸማኔ እጅ ጥበብ ጋር አዋሕዶ ለውጭ ገበያ አቅርቧል። ፓርከር ክሌይ የተባለው ድርጅትም እንዲሁ ቦርሳዎቹን በኢትዮጵያ አሠርቶ ባሕር ማዶ ይሸጣል። ሥራቸውን ማየት ዓይንን ያሠለጥናል።

ዋጋን በሚያገለግልበት ዘመን ያካፍሉት። ለምሳሌ 12,000 ብር የወጣበት ቦርሳ ስድስት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 2,000 ብር ይሆናል። በየዓመቱ የሚላጥ የ3,000 ብር ቦርሳ በስድስት ዓመት 18,000 ብር ይወስዳል።

6. ከልብስዎና ከቁመናዎ ጋር ያስማሙ

የማንገቻው ርዝመት ቦርሳውን ከዳሌ አጥንት አካባቢ ቢያሳርፈው ለብዙው ሰው ያምራል። ቁመትዎ አጠር ካለ ከዚያ ከፍ ያድርጉት፤ ወደ ጭን ከወረደ ቁመትን ይቀንሳል። ቅርጹ ሰውነትዎን ከመድገም ይልቅ ቢያመዛዝን ይሻላል፤ ሰፊ ልብስ ለሚለብስ ቅርጹን ይዞ የሚቆም፣ ቀጥ ያለ ልብስ ለሚለብስ ለስለስ ያለ።

ነጠላ ለሚለብሱ ሁለት ነገር ልምከር። ሰንሰለትና ሹል ዘለበት የነጠላውን ክርና የጥበቡን ጫፍ ይመዛሉ፤ ለስላሳ የቆዳ ማንገቻ ይምረጡ። ነጠላው ትከሻ ላይ ስለሚያንሸራትት ደግሞ በእጅ የሚያዝ ወይም በክንድ የሚንጠለጠል ቦርሳ ይመቻል። ሒጃብና አባያ ለሚለብሱ እኅቶች ማንገቻው የሚረዝምና የሚያጥር ቢሆን ከሻርፑ በላይ ሳይጎትት ይቀመጣል።

ልብሱ ካጌጠ ቦርሳው ይረፍ። ጨሌ ያለው የኦሮሞ ባህል ልብስ ወይም ደማቅ ጥበብ ያለው ቀሚስ ከቡናማ ወይም ከጥቁር ለስላሳ ቆዳ ጋር ይደምቃል። አንድ ቀለም ልብስ ለብሰው ሲወጡ ደግሞ ጥበብ የገባበት ቦርሳ ያውጡ። የዘለበቱ ቀለም ከጆሮ ጌጥዎና ከሰዓትዎ ጋር ቢስማማ ጠቅላላ መልኩ ይሰበሰባል። ሁለት ቦርሳ ብቻ መግዛት ከቻሉ አንዱ የቡና ቀለም ያለው የዕለት፣ ሌላው እርስዎ በእውነት የሚወዱት ቀለም ይሁን። ሁለተኛውን ሲመርጡ የማንንም ምክር አይጠይቁ፤ ጣዕምዎ የሚታየው በእርሱ ነው።

7. የልብዎን ካላገኙ ያሠሩ

ካርቶን በሚፈልጉት ልክ ቆርጠው በገመድ ትከሻዎ ላይ አንጠልጥለው መስታወት ፊት ይቁሙ። ልኩ ሲስማማዎት ካርቶኑን ይዘው ወደ ባለሙያው ይሂዱ። ቆዳውን ራስዎ ይምረጡ፣ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ይነጋገሩ፣ ከዚህ በፊት የሠራውን ቦርሳ ስፌት ይዩ። የኪሱን ቁጥር፣ የማንገቻውን ርዝመት፣ የሚረከቡበትን ቀንና ዋጋውን በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከቁራጩ ጥቂት ይስጥዎት፤ ወደፊት ሲጠገን ቀለሙ ይገጥማል።

8. ይንከባከቡት

አቧራውን በሳምንት አንድ ጊዜ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። ቫዝሊንና የምግብ ዘይት አይቀቡት፣ የሊስትሮ የጫማ ቀለምም አያስነኩት፤ የመጀመሪያዎቹ ቆዳውን ያጨማልቁታል፣ ቀለሙ ደግሞ ልብስ ይነካል። ዝናብ ከመታው ውስጡን በነጭ ወረቀት ሞልተው ጥላ ሥር ያድርቁት፤ ጋዜጣ ቀለሙን ይለቅቃል፣ ፀሐይም ቆዳውን ያደርቀዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ላንጋኖ ሲሄዱ እርጥብ የዋና ልብስ አይክተቱበት። ሲያስቀምጡት ፌስታል ውስጥ ሳይሆን በጥጥ ከረጢት ይሁን፤ ቆዳ አየር ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሱቅ ሲገቡ ሦስት ጥያቄ ይበቃዎታል፦ የምን ቆዳ ነው? የት ለፋ? ማን ሰፋው? ሦስቱንም የሚመልስ ሻጭ ካገኙ በደንብ ይክፈሉት፣ ለወዳጆችዎም ይንገሩለት። የሞጆ ቆዳ እዚሁ ቦርሳ ሆኖ በክብር የሚሸጠው፣ የባለሙያውም እጅ የሚበረታው፣ ጥራት የሚያውቅ ገዢ እዚሁ ሲኖረው ነው።