«ይመጣሉ» ወይስ «አይመጡም»?

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስልክ ተደወለ እንበል። «ፈታኞቹ ነገ አይመጡም» ተባለ። መስመሩ ግን ያንሾካሹካልና «ይመጣሉ» ተብሎ ተሰማ። በማግሥቱ ስንት ልጅ ከሩቅ ቀበሌ በከንቱ በእግሩ ይመጣል! ታዲያ ምን ይሻላል? «እስቲ ድገመው!» ማለት ነዋ። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው።

በሽቦ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ይርመሰመሳሉ። ጆንሰንና ናይኩዊስት ይህን ሁካታ በ1928 እ.ኤ.አ. በልኬትና በስሌት አስረድተዋል። ሁካታው በሚቀጥለው ቅጽበት ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ አማካዩንና የመዋዠቁን መጠን ግን ማስላት ይቻላል። የዘፈቀደ ሲግናል ጥናት የሚባለውም ይህ ነው።

አሁን እናስላ። መልእክቱ አንድ ጊዜ ሲነገር የመበላሸቱ ዕድል 0.1 ይሁን። ሦስት ጊዜ አስደግመን ብልጫ ያገኘውን እንቀበል። የምንሳሳተው ሁለቱ ወይም ሦስቱም ሲበላሹ ነው።

ሁለቱ ሲበላሹ፦ 3 × 0.1 × 0.1 × 0.9 = 0.027
ሦስቱም ሲበላሹ፦ 0.1 × 0.1 × 0.1 = 0.001
ድምር፦ 0.028

ከ100 10 የነበረው ስሕተት ወደ 3 ገደማ ወረደ ማለት ነው።

ቤተ ሙከራ የለንም ብለን አንስነፍ። በቆርቆሮ ውስጥ እኩል መጠን ያላቸው 10 ባቄላዎች እንጨምር፤ አንዱን ቀለም እንቀባው፤ እሱ ብልሽት ነው። ተማሪው ሳያይ አንድ ያውጣ፣ ይመልስ፣ ያማታ፤ ሦስት ጊዜ ይህን ያድርግ። 50 ተማሪዎች 20 20 ጊዜ ቢሞክሩ 1000 ሙከራ ይሆናል። ባለቀለሙ ሁለቴና ከዚያ በላይ የሚወጣው 28 ጊዜ አካባቢ ነው። 20 ወይም 35 ቢሆን አንደንግጥ፤ ዕድል እንዲህ ይዋዥቃል።

ብዙዎቻችን የምንስተው ግን እዚህ ላይ ነው። በክረምት መብረቅ መስመሩን ሲያውክ ባንድ ትንፋሽ ሦስቴ ብንደግም፣ ያው አንዱ ብልሽት ሦስቱንም ይዟቸው ይሄዳል። በባቄላው አንድ ጊዜ አውጥቶ «ሦስት» ብሎ እንደ መቁጠር ነው። ስሕተቱም ተመልሶ 0.1 ይሆናል። 0.028 የሚሠራው ድግግሞሾቹ አንዱ ከሌላው ነጻ ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂት ቆይቶ፣ ዝናቡ ሲያባራ መልሶ መደወል ይሻላል።

እንግዲህ ክፍል ስንገባ ቀመሩን ብቻ አናስሸምድድ፤ «ሙከራዎቹ ነጻ ናቸው ወይ?» ብሎ መጠየቅንም እናስተምር።

መልመጃ፦ አምስት ጊዜ ብናስደግምስ? መልሱ 0.00856 ነው። አሠራሩን እናንተ አሳዩ።