የሊኑክስ መከታተያችሁ ሰርቨሩን ሲያንቀራፍፍ

ኢቢፒኤፍ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የሚያሠራ ዘዴ ነው። አፕሊኬሽኑ ፋይል ሲከፍት ወይም ኔትወርክ ላይ ሲጽፍ የእናንተ መከታተያ መሐል ገብቶ ይሠራል፤ እስኪጨርስ አፕሊኬሽኑ ይጠብቃል። ስለዚህ መከታተያውም ክትትል ይፈልጋል።

1. ሳትለኩ አትነካኩ። ከሊኑክስ 5.1 ወዲህ ከርነሉ የእያንዳንዱን ኢቢፒኤፍ ፕሮግራም ወጪ መቁጠር ይችላል። ቆጠራው ጠፍቶ ስለሚመጣ በሲስሲቲኤል፣ ማለትም በከርነሉ ቅንብር መቀየሪያ ትዕዛዝ፣ አብሩት። ከዚያ ቢፒኤፍቱል የተባለው መሣሪያ ፕሮግራሙ በጠቅላላ የፈጀውን ናኖሰከንድና ስንት ጊዜ እንደተጠራ ያሳያችኋል፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። አንድ ጥሪ 1,500 ናኖሰከንድ ቢፈጅና በሰከንድ 400,000 ጊዜ ቢጠራ የአንድ ኮር 60 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ቆጠራው ራሱ ጥቂት ስለሚያስከፍል ስትጨርሱ አጥፉት።

2. እዚያው ከርነሉ ውስጥ አጣሩ። ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ነው። ብዙ መሣሪያዎች የሚከብዱት ሁሉንም ክስተት ወደ ውጭ ልከው አብዛኛውን እዚያ ስለሚጥሉት ነው። የማትፈልጉትን ፕሮሰስ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ፣ ስሙንና የፋይሉን አድራሻ ከመቅዳታችሁ በፊት፣ እለፉት። የምትፈልጉት የጥሪ ብዛት ወይም የመዘግየት መጠን ብቻ ከሆነ ደግሞ ለየሲፒዩው በተለየ ማፕ፣ ማለትም በከርነሉ የመረጃ ሠንጠረዥ፣ ደምሩና በየጥቂት ሰከንዱ ድምሩን አንብቡ። ሲፒዩዎቹም በአንድ ቆጣሪ አይሻሙም።

3. መከታተያው የሚሰካበትን መግቢያ ምረጡ። በኬፕሮብ የተያዘን የከርነል ፈንክሽን በሊኑክስ 5.5 ወደ መጣው ኤፍኤንትሪ ማዛወር ወጪ ይቀንሳል። ዩፕሮብ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የአፕሊኬሽኑን የራሱን ፈንክሽን የሚይዝ ስለሆነ እያንዳንዱ ጥሪ ከርነል ደርሶ ይመለሳል፤ ይህ የደርሶ መልስ ወጪ ከላይ ባለው ልኬት ውስጥ አይታይም። እንደ ማሎክ (የሜሞሪ መጠየቂያው) ያለ በየቅጽበቱ የሚጠራ ፈንክሽን ላይ ከተከላችሁት አፕሊኬሽኑ ክፉኛ ይዘገያል፣ ቁጥሩ ግን ደህና ይመስላል። መሣሪያውን አብርታችሁም አጥፍታችሁም የአፕሊኬሽኑን የምላሽ ጊዜ አወዳድሩ።

4. የሚጠፋውን ቁጠሩ። ሙሉ ክስተት መላክ ግድ ከሆነ በሊኑክስ 5.8 የመጣው ሪንግ በፈር፣ ማለትም ክስተቶቹ እስኪነበቡ የሚቆዩበት ማቆያ፣ ይሻላል፤ ሲፒዩዎቹ ስለሚጋሩት የክስተቶቹን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። ሲሞላ ግን አዲሱ ክስተት ቦታ አያገኝም፣ ማንም አይነግራችሁም። ቦታ በታጣ ቁጥር የሚጨምር ቆጣሪ አኑሩ። በፈሩን ማስፋት ለድንገተኛ ጭነት ይረዳል፤ አንባቢው ፕሮግራም ሁልጊዜ ወደኋላ የሚቀር ከሆነ ግን መሙላቱን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። ያኔ ወደ ተራ ቁጥር 2 ተመለሱ።