የመጀመሪያ የዒላማ ጠመንጃ ለመምረጥ ላሰባችሁ የአሶሳና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፦ ማሳሰቢያ

ከሩቅ የተሰቀለን ወረቀት አልሞ መምታት ትልቅ ሙያ ነው። ትንፋሽ መግታት፣ ነፋስ ማየት፣ እጅን ማረጋጋት ይጠይቃል። በ1896 እ.ኤ.አ. አቴንስ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክም የተኩስ ውድድር ነበረ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናው ካይሮ ላይ ተካሂዷል። አንድ የአሶሳ ወይም የባምባሲ ወጣት «እኔም ልማር» ቢል የሚነቀፍበት ነገር የለም። የመጀመሪያ ጠመንጃ ሲመረጥ ግን ብዙ ሰው የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሚርቅና ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ነው። እዚህ ክልል ውስጥ መቅደም ያለበት ጥያቄ ስለ ድምፁ ነው።

ጎረቤት ሳይነገረው አንድም ጥይት አትተኩሱ።

መስከረም 2011 የካማሺ ዞን አመራሮች ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። ታኅሣሥ 2013 መተከል ውስጥ፣ ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ፣ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች በኩርሙክ በኩል ገብተው አሁን በአሶሳ ዙሪያ ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። የተኩስ ድምፅ ሲሰሙ ከየት አቅጣጫ እንደመጣና ስንት ጊዜ እንደተሰማ ይቆጥራሉ። ልጇን አዝላ ወደ ቀርከሃው የሮጠች እናት «ስፖርት ነው» የሚለው ማብራሪያ የሚደርሳት ከሮጠች በኋላ ነው። ወሬው ሦስት ቀበሌ ካለፈ በኋላ ደግሞ የዒላማ ተኩስ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ሆኖ ይነገራል። የእኛ ክልል እንዲህ ባለ ወሬ ብዙ ተጎድቷል።

ስለዚህ ከተኩሱ ቀን አስቀድማችሁ ለቀበሌውና ለፖሊስ፣ ለአገር ሽማግሌዎች፣ ለመስጊዱና ለቤተ ክርስቲያኑ ተናገሩ። በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ በርታው በበርታ ቋንቋ፣ ጉሙዙ በጉሙዝ ቋንቋ ይስማው። የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት ቁረጡ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ጥይት ቢተርፍም ይቅር። በገበያ ቀን፣ በለቅሶ ቀንና ከመሸ በኋላ ፈጽሞ አይተኮስ። በሸርቆሌ፣ በባምባሲ፣ በፆሬና በኡራ የስደተኞች መጠለያዎች አቅራቢያ ደግሞ በምንም ሰዓት፣ በምንም ምክንያት አይተኮስ። ፈቃድ ቢኖራችሁም ያው ነው።

ፈቃዱ ይቅደም፣ ግዢው ይከተል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድ ጋር አያይዞታል፤ ጥይቱም በቁጥጥሩ ሥር ነው። ጉዳዩ የፖሊስ ነውና መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ሂዱ። «ለዒላማ ልምምድ ነው የምፈልገው» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚፈቀድ፣ የት እንደሚተኮስበትና በምን ሁኔታ እንደሚጓጓዝ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። መልሱ «አይፈቀድም» ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ዘመድ ፍለጋ፣ ደላላ ፍለጋ አትውጡ።

ከድንበር ማዶ በርካሽ መጣ የተባለ ጠመንጃ አትንኩ። መለያ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ። ኢትዮጵያ በ1996 የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል መሣሪያዎች መለያ ምልክት እንዲኖራቸው የሚጠይቀው የጦር መሣሪያን መንገድ መከተል እንዲቻል ነው። ቁጥሩን የፋቀው ሰው ያንን መንገድ ያጠፋ ሰው ነው፤ ያ መሣሪያ ከዚህ በፊት ምን እንደተሠራበት ገዢው ሊያውቅ አይችልም፣ ሲያዝ ግን በእጁ የተገኘው እርሱ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶችም ስሙ። እዚያ በሕጋዊ መንገድ የገዛችሁትን ማነጣጠሪያ መነጽር ወይም የጠመንጃ ዕቃ «ለወንድሜ ስጦታ» ብላችሁ በሻንጣ አታምጡ። ጉምሩክንና ፖሊስን ሳትጠይቁ የተላከ ስጦታ ወንድማችሁን ወደ እስር ቤት ሊያስገባው ይችላል።

የመጀመሪያው ጠመንጃ የአየር ይሁን።

ይህ የእኔ ጽኑ እምነት ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ፣ 4.5 ሚሊሜትር የእርሳስ ቅንጣት የሚተኩስ ጠመንጃ ድምፁ ሰፈር አይረብሽም፤ ለልምምዱም 10 ሜትር ይበቃዋል። ረጅም ርቀት የሚመኝ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለው ይሆናል። ቁጥሩን ግን ይመልከት። በኦሎምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመሐል ነጥብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። በ10 ሜትር ግማሽ ሚሊሜትር ማለት በ1,000 ሜትር 5 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ይህን ነጥብ ደጋግሞ መምታት የቻለ ሰው የረጅም ርቀትን መሠረታዊ ትምህርት ጨርሷል፤ የሚቀረው ነፋስና የጥይት መውረድ ነው። የአየር ጠመንጃም ቢሆን ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ከዒላማው ጀርባ ጠንካራ መከላከያ ይኑር፣ ስለ ፈቃዱም ፖሊስን ጠይቁ።

ቀጥሎ ሃያ ሁለት ካሊበር፣ በእጅ አንድ በአንድ የሚያጎርስ።

ፈቃድም ሜዳም ካለ ሁለተኛው ደረጃ ይህ ነው። ርግጫው ትንሽ ስለሆነ ትከሻ አይፈራም፤ ያልፈራ ትከሻ ምላጭ ሲሳብ አይዘልም። 50 ሜትር ላይ ያስተካከላችሁት ጠመንጃ 100 ሜትር ላይ አንድ ስንዝር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ከጎን የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ አራት ጣትና ከዚያም በላይ ይወስደዋል። ትልቁ ጠመንጃ በብዙ መቶ ሜትር የሚያስተምረውን ይህ ትንሹ በ100 ሜትር ያስተምራችኋል። ክላሽ ለዚህ ትምህርት አይሆንም፤ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው።

ስትመርጡ እንዲህ ሞክሩ። ባዶ መሆኑን ራሳችሁ አይታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ የሰደፉን ጫፍ በታጠፈው ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ አስቀምጡና እጃችሁን ወደ ምላጩ ዘርጉ። ጣታችሁ ሳይንጠራራና ሳይጨናነቅ ምላጩ ላይ ካረፈ ርዝመቱ ይስማማችኋል። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠመንጃውን ትከሻችሁ ላይ አድርጉና ግለጡ፤ አንገት ሳታጣምሙ በማነጣጠሪያው በኩል ማየት ካልቻላችሁ ሰደፉ የእናንተ አይደለም። የትኛው ዓይናችሁ እንደሚበረታ ደግሞ ቀድማችሁ እወቁ፤ በሁለት እጃችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርታችሁ አንድ የሩቅ ዛፍ በሁለቱም ዓይን ተመልከቱ፣ ቀጥሎ አንዱን ዓይን ጨፍኑ። ዛፉ ካልጠፋ የበረታው ክፍቱ ነው። ቀኝ እጃቸው በርትቶ ግራ ዓይናቸው የሚበረታ ሰዎች አሉ፤ ይህን ሳያውቁ «ጠመንጃው ነው ጠማማ» ብለው ይሸጡታል።

የአያት ውርስ በባለሙያ ሳይታይ አይተኮስበት።

ምንሽር፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ በብዙ ቤት በክብር ተሰቅለዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከአገራችን የወጡ እንዲህ ያሉ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ነገር ግን ውጅግራ በጥቁር ባሩድ ዘመን ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ በዘመኑ ባሩድ ቢሞላ ሊፈነዳ ይችላል። ዝገት የበላው አፈሙዝና የላላ መቀርቀሪያም ፊት ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ። ታሪኩን ጠብቁት፣ መሣሪያውን አስመዝግቡት፣ ልምምዱን በሌላ አድርጉ።

ከዒላማው ጀርባ ያለውን ኮረብታ ባዶ ነው አትበሉ።

የሃያ ሁለት ጥይት ወደ ላይ ካመለጠ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ጥይት ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ። ከአሶሳ ወደ መንጌ፣ ወደ ሸርቆሌና ወደ ኩርሙክ ባለው አገር ጭር ያለ የሚመስል ሸለቆ ውስጥ ወርቅ የምታጥብ ሴት አለች፤ ቀርከሃ የሚቆርጥ፣ ቀፎ ሊያይ የወጣ፣ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ አለ። የቀርከሃ ደን ጥይት አያቆምም። የሚያቆመው ድንጋይ የሌለበት፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ነው፤ ድንጋይ ካለበት ጥይቱ ነጥሮ ይመለሳል። ወደ ዳቡስም ሆነ ወደ ማንኛውም ውኃ አትተኩሱ፣ ጥይት ከውኃ ላይም ይነጥራል። አንድ ሰው ከጎን ቆሞ አካባቢውን ብቻ የሚመለከት ይሁን፤ እርሱ «አቁም» ሲል ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅ።

በበጋ፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ አብሪ ጥይትና የብረት ዒላማ ክልክል ይሁኑ። አንድ ብልጭታ የቀርከሃ ደን ያቃጥላል፤ ከዚያ ደን የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነው።

የከፍታውን ነገር አትርሱ። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይትን የሚገታው ያነሰ ነው፤ የጥይቱ ሠንጠረዥ በባሕር ጠለል ከተሰላ የእናንተ ጥይት በሩቅ ርቀት ከተጻፈው ከፍ ብሎ ይመታል። ወደ ኩርሙክ ቆላ ስትወርዱ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ጆሮ ሳይሸፈን አይተኮስ። የባሩድ ጠመንጃ ድምፅ ብዙውን ጊዜ 140 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ስለሆነ አንድ ጥይት ብቻ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ከእርሳስ ጥይት በኋላ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስ። አረቄ የቀመሰ ሰው በዚያ ቀን ጠመንጃ አይንካ፤ ባለቤቱ ቢሆንም። በሠርግ ወደ ሰማይ አይተኮስ፤ ወደ ላይ የወጣ ጥይት ሁሉ ይወርዳል። በዒላማ ፈቃድ ድኩላ አይገደል፤ አደን ከዱር እንስሳት ጥበቃ የሚገኝ ራሱን የቻለ ፈቃድ አለው።

ቤት ውስጥ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ይቆለፍ፤ ጥይቱ በሌላ ክፍል ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከባለፈቃዱ ኪስ አይውጣ። ልጆች የት እንዳለ አያውቁም ብላችሁ አትታለሉ፤ ያውቃሉ። ባለቤቱ ከታመመ፣ ከተዛወረ ወይም ከሞተ ቤተሰቡ መሣሪያውን ከፈቃዱ ወረቀት ጋር በዚያው ሳምንት ለፖሊስ ያሳውቅ፤ ለቅሶው ሳያልቅ እንኳ አንድ ሽማግሌ ተወክሎ ይሂድ።