ከጓደኛ ጋር በእግር ወደ ላሊበላ

ጥያቄ፦ ለገና ከጓደኛዬ ጋር በእግር ላሊበላ ለመሄድ ተስለናል። እሷ ፈጣን ናት፤ እኔ ቶሎ ይደክመኛል። ሳንቀያየም እንዴት እንድረስ?

መልስ፦ ጉዞውን በደካማው አቅም ለኩት፤ እርስዎ ፊት ይምሩ፣ ጓደኛዎ ከኋላ ትከተል። መቅደም ካማራት የምትጠብቅዎትን ቦታ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከመሸ ግን አትለያዩ። የመንገዱንም ሰላም ከአገሬው ሰው ጠይቁ።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማልዳችሁ ተነሡ፤ ቀትር ላይ እረፉ። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነውና በሶና ቆሎ ያዙ፤ ውኃ እያንዳንዳችሁ ተሸከሙ። የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፤ ጋቢ አይቅር። የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ፤ እግር ውኃ ከቋጠረ አታፍርጡት።

ወዳጆችን መንገድ ላይ የሚያጋጨው ብዙ ጊዜ ረሃብና ድካም ነው። ቅሬታ ካለ በልታችሁ፣ አርፋችሁ ተነጋገሩበት። ከቀኑም የተወሰነውን ሰዓት በዝምታና በጸሎት ተጓዙ።

ታኅሣሥ 29 በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር ሕዝቡ እጅግ ይበዛልና ሁለት ቀን ቀድማችሁ ለመግባት አቅዱ። ቀን ካላጠራችሁ አንዳችሁም ሌላውን አታጣድፉም። ለጓደኛዎ ይህን ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት ይንገሯት።