ከወንዝ ወደብ ወደ ክልል ርእሰ ከተማ፦ የጋምቤላ ከተማ አቀማመጥ ለውጥ

መግቢያ

የኢትዮጵያ ከተሞች ጥናት በአብዛኛው የሚያተኩረው በቤተ መንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ዙሪያ በተቆረቆሩ የደጋ ከተሞች ላይ ነው። ጋምቤላ ከነዚህ የተለየ አመጣጥ አላት። ለመቆርቆሯ መነሻ የሆነው ዓለም አቀፍ ውል ሲሆን ቦታዋን የወሰነው ደግሞ የባሮ ወንዝ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከተማዋ ፊቷን ከወንዝ ወደ መንገድ ያዞረችበትን ሂደት በውሉ አንቀጽ፣ በንግዱ አሠራርና በሕዝብ ቆጠራ ውጤቶች መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የኪራይ ይዞታው

ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ ግንቦት 1902 በተፈራረሙት የወሰን ውል አራተኛ አንቀጽ መሠረት፣ በኢታንግ አቅራቢያ ባሮን ተከትሎ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ተፈቀደ። ሙሉ መጠኑ ጥቅም ላይ ቢውል ይዞታው በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ጣቢያው የተቋቋመው ግን ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ለደጋው ግርጌ በሚቀርበው በጋምቤላ ነበር።

የጣቢያውን ቅርጽ በዋናነት የወሰነው የውሃው ወቅት ነው። የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም ሊደርሱ የሚችሉት ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። ቡናው በአንጻሩ የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሲሆን ከጎሬና ከሰዮ አካባቢ በጭነት ከብትና በሸክም ይወርዳል። ስለዚህ ጀልባ እስኪመጣ ድረስ ምርቱን የሚያቆዩ መጋዘኖች፣ ማራገፊያውና ጉምሩኩ የከተማዋ እምብርት ሆኑ።

ይሁን እንጂ ዳርቻው ቀድሞም ባዶ አልነበረም። ባሮን «ኦፔኖ» የሚሉት አኙዋኮች በወንዙ ዳር መንደሮቻቸውን መሥርተው፣ ውሃው ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ያርሱ ነበር። ለኑዌር አርብቶ አደሮችም የበጋ ግጦሽ ከወንዝ ዳር የሚለይ አይደለም። ውሉ የወንዙን ፊት በሜትር ሲለካ ይህን ወቅታዊ አጠቃቀም ከቁጥር አላስገባውም።

ከወንዝ ወደ መንገድ

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት የመኪና መንገዶች የምዕራቡን ቡና ወደ አዲስ አበባ መሳብ ጀመሩ። ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣም የኪራዩ ዘመን አብቅቶ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። የጀልባው ንግድ እየደከመ ሲሄድ የመጋዘኖቹ ዳርቻ ከከተማዋ ፊት ወደ ጓሮዋ ተለወጠ። ባሮን የሚሻገረው ድልድይ የወንዙን ሁለት ዳርቻዎች ሲያገናኝ፣ ዕድገት መንገዱን ተከተለ።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ አስተዳደራዊ ነው። ጋምቤላ የክልል ርእሰ ከተማ ስትሆን የመሥሪያ ቤቶችና የመኖሪያ ቦታ ፍላጎት አደገ። የነዋሪዎቿ ቁጥር በ1994 ከነበረው 18,263 በ2007 ወደ 39,022 ከፍ አለ፤ ይህም በየዓመቱ በአማካይ 5.8 በመቶ ገደማ ዕድገት ነው። ሰፈሮቹም በማኅበረሰብ ማንነት ይበልጥ ተለይተው የሚታወቁ ሆኑ። ኦሚኒንጋ በአኙዋክ፣ ኒውላንድ በኑዌር ነዋሪነት መጠራታቸው፣ በከተማዋ ቦታ ማግኘት በክልሉ ውስጥ ባለቤትነትን ከማረጋገጥ ጋር መተሳሰሩን ያመለክታል።

ንጽጽርና ማጠቃለያ

ተመሳሳይ ሂደት በቻይና መሀል አገር በምትገኘው በሃንኮው ታይቷል። በያንግዜ ወንዝ ዳር በ1861 የብሪታንያ የኪራይ ሰፈር ተቋቋመ፤ በ1906 ወደ ቤጂንግ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ሲጠናቀቅም ዕድገቱ ወንዙን ብቻ መከተሉን ተወ። ልዩነቱ ሃንኮው ቀድሞም ታላቅ የገበያ ከተማ የነበረች ሲሆን በጋምቤላ ግን ከተማነት የመጣው ከወደቡ ጋር መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዛሬው የከተማ ፕላንም ይጠቅማል። የባሮ ዳርቻ የወደብነት አገልግሎቱ ስለቀረ ብቻ ክፍት መሬት ነው ብሎ መመደብ የ1902ቱን ውል ጉድለት መድገም ይሆናል። ፕላን አውጪው ከመሬት ልኬት አስቀድሞ ማን፣ በየትኛው ወር፣ በዳርቻው ምን እንደሚሠራ በካርታ ላይ ሊያሰፍር ይገባል። ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ይሸሻልና፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ወሰን ከዚህ ዑደት ጋር ሊጣጣም አይችልም።