ለጥርስ ሕክምና መግቢያ መዘጋጃ ኮርስ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ ጎፋ የቲቶሪያል ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት የመብራት ምሰሶ ማግኘት ይከብዳል። ሪሜዲያል፣ ዩኤቲ፣ ኤግዚት ኤግዛም፣ ጋት፣ ቶፍል ሁሉም በአንድ ወረቀት ተደርድረው፣ ከሥራቸው ስልክ ቁጥር ይከተላል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ በየሰፈሩ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወይም ሊይዝ ጥቂት የቀረው፣ ልቡ ግን ወደ ጥርስ ሕክምና ያደላ ወጣት አይጠፋም። ቤተሰቡም «አንድ ዓመት ተዘጋጅቶ ቢሞክርስ?» እያለ ዕቁቡን ለዚሁ ሊያውል ያስባል።

መዘጋጃ ኮርስ የመግባት ዕድልን ከፍ ያደርጋል ወይ? አዎ፣ ኮርሱ የሚያሻሽለው ነገር ተቀባዩ ተቋም የሚመዝነው ነገር ከሆነ። ካልሆነ ግን የወሰዱት ትምህርት ጥሩ ቢሆንም ለመግቢያው አንዳች አይጨምርልዎትም። በሩን ሳያዩ ቁልፍ እንደ መግዛት ይሆናል። ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እስክሪብቶ ይዘው አንድ በአንድ ይመልሱ።

1. የሚያመለክቱት የት ነው?

በአገራችን የጥርስ ሕክምና ዶክትሬት፣ ተማሪዎች «ዴንታል» የሚሉት፣ እንደ አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና በጥቂት የግል ኮሌጆች ይሰጣል። ተመራቂው ዶክተር ቢባልም ትምህርቱ ለሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ዋናው መግቢያም ከ12ኛ ክፍል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጋት የማስተርስና የፒኤችዲ መግቢያ ፈተና ነው። ዲግሪ ስላለዎት ብቻ የጋት ዝግጅት ቢከፍሉ ለማስተርስ ይረዳዎት ይሆናል፣ ወደ ዴንታል ግን አያስጠጋዎትም።

ዲግሪ ያለውን ሰው ወደ ሕክምና የማስገባት ልምድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በ10 ዩኒቨርሲቲዎችና በ3 ሆስፒታሎች በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ዘርፍ የተመረቁ ወጣቶችን በመግቢያ ፈተና ተቀብሎ ሐኪም አድርጓል። መርሐ ግብሩ ግን ለጠቅላላ ሕክምና እንጂ ለጥርስ ሕክምና አልነበረም። ስለዚህ «ዲግሪ ያለው ይገባል» የሚል ወሬ ሲሰሙ የትኛው ተቋም፣ ለየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠይቁ።

ያረጋግጡ፦ ሊገቡበት ያሰቡትን ተቋም ስም በወረቀት ይጻፉ። ሬጅስትራር ቢሮው ድረስ ሄደው «የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አመልካች ትቀበላላችሁ? በምን መስፈርት?» ብለው ይጠይቁ። ከጀሞ የሜክሲኮን ታክሲ ይዞ ጥቁር አንበሳ ድረስ መሄድ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ የዓመት ክፍያ ሊያድንዎት ይችላል።

2. ተቋሙ የሚመዝነው ምንድን ነው?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆኑ ወይም ልጅዎን የሚመሩ ከሆነ ትልቁ ሚዛን ብሔራዊ ፈተናው ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ሪሜዲያል የመጣው የ2014ቱን ውጤት ተከትሎ ነው። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት ተማሪዎች የተመረጡት ለጥቂት ወራት ትምህርቱን ደግመው፣ ካለፉ ፍሬሽማን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመት ይጀምራሉ።

ሪሜዲያል ዩኒቨርሲቲ ያስገባል፤ ዴንታል ያስገባል ማለት ግን አይደለም። ወደ ሕክምናና ወደ ጥርስ ሕክምና የሚደረገው ምደባ ከፍሬሽማን በኋላ የሚመጣ ሌላ ውድድር ነው። እዚያ ላይ የፍሬሽማን አማካይ ውጤት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና ተቋሙ ራሱ የሚሰጠው ፈተና እንደየዩኒቨርሲቲው በተለያየ ድርሻ ይቆጠራሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ዩኤቲ የተባለ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል።

ያረጋግጡ፦ ለዘንድሮ ተወዳዳሪዎች የወጣውን መስፈርት ያግኙና እያንዳንዱ መመዘኛ ከመቶ ስንት እንደሚይዝ ይጻፉ። መስፈርት ከዓመት ዓመት ይለወጣልና በአምናው አይተማመኑ።

3. የጎደለዎት የቱ ነው?

ትራንስክሪፕትዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ላይ ያክብቡ። «ውጤቴን አሻሽላለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ ስሌቱ ግን ልብ ይፈትናል።

120 ክሬዲት ጨርሶ 2.80 ጂፒኤ ያለው ሰው እናስብ። 12 ክሬዲት ተጨማሪ ኮርስ ወስዶ ሁሉንም ኤ ቢያመጣ አጠቃላይ ጂፒኤው 2.91 አካባቢ ይሆናል። 30 ክሬዲት፣ ማለትም ሙሉ ዓመት ተምሮ ሁሉንም ኤ ቢያመጣ 3.04 ይደርሳል። አንድ ዓመት ያለ እንከን አጥንቶ ያገኘው ጭማሪ ሩብ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ተቋሙ የሚያየው አጠቃላይ ጂፒኤን ብቻ ከሆነ ይህ ብዙ ላይለውጥ ይችላል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ውጤት ለብቻው የሚያይ ከሆነ ግን ያ ሁሉም ኤ የሆነበት ዓመት በአመልካቹ ላይ ያለውን ግምት ይቀይራል።

ያረጋግጡ፦ ድክመትዎ ጂፒኤ ነው? የመግቢያ ፈተና ነው? ያልወሰዱት ኮርስ ነው? ወይስ እንግሊዝኛ? አንዱን ይምረጡ። የፈተና ድክመትን የፈተና ልምምድ፣ ያልተወሰደ ኮርስን ክሬዲት ያለው ኮርስ እንጂ ሌላ አይሞላውም።

4. በመጨረሻ የሚሰጥዎት ወረቀት ይቆጠራል?

መዘጋጃ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቲቶሪያል ያስጠናል፤ ወረቀቱ ግን የትም አይቆጠርም። ክሬዲት ያለው ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ ይገባል። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ የመግቢያ ደረጃ ነው።

ለሦስተኛው ጥሩ ምሳሌ ጀርመን ናት። የትምህርት ማስረጃው በቀጥታ የማያስገባው የውጭ አመልካች ሽቱዲየንኮሌግ በሚባል መዘጋጃ ተቋም ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሴሚስተር ይማራል። ሕክምናና ጥርስ ሕክምና የሚፈልጉ የሚመደቡበት ክፍል ኤም ኮርስ ይባላል። የማጠቃለያ ፈተናውን ያለፈ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይችላል፤ ያመጣው ውጤትም ለውድድሩ ይቆጠራል። እዚያ ለመግባት ግን አስቀድሞ ጀርመንኛ ያስፈልጋል። ይህን መንገድ ለሚያስብ የመጀመሪያው ወጪ የቋንቋ ትምህርት ነው፤ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩትም ቋንቋውን ያስተምራል።

አሜሪካ ደግሞ ዲግሪ ላላቸው «ፖስት ባካሎሬት» የሚባል መርሐ ግብር አለ። አንዱ ዓይነት የሳይንስ ኮርስ ላልወሰዱ፣ ሌላው ወስደው ውጤታቸው ዝቅ ላለ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በተለይ ለጥርስ ሕክምና አመልካቾች ያዘጋጀው አለው። ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ያላቸው ብዙዎች የሚያነሱት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በ1881 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ወደዚህ መንገድ የሚያመሩ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ኮርሶች በአሜሪካ ወይም በካናዳ ኮሌጅ እንዲወሰዱ ይፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ በጋራ ማመልከቻ ሥርዓቱ የተደገመ ኮርስ የቀድሞውን ውጤት አይሰርዘውም፤ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ሦስተኛ፣ ዳት የተባለው የመግቢያ ፈተና ከሳይንስ፣ ከንባብና ከሒሳብ ሌላ ቅርጾችን በዓይነ ሕሊና አዙሮ የማየት ችሎታን የሚፈትሽ ክፍል አለው። ይህ ክፍል በልምምድ ይሻሻላል። እዚህ ተመርቀው የጥርስ ሐኪም ከሆኑ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ለውጭ ምሩቃን በተዘጋጀው የማሟያ ትምህርት በኩል ይገባሉ እንጂ ከመጀመሪያ መጀመር የለብዎትም።

ያረጋግጡ፦ ኮርሱን ከሚሰጠው ሳይሆን ሊገቡበት ከሚፈልጉት ተቋም «ይህን ወረቀት ትቆጥሩታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

5. «ተማሪዎቻችን አልፈዋል» ሲባሉ ምን ይጠይቃሉ?

ከስንት ተመዝጋቢ ስንቱ? መሀል ላይ ያቋረጡት ተቆጥረዋል? ያለፉት ዴንታል ገቡ ወይስ ፈተናውን ብቻ አለፉ? ኮርሱ መጀመሪያውኑ ጎበዞችን ብቻ መርጦ ይቀበላል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ካልተመለሱ የሚነገርዎት ቁጥር ዋጋ የለውም።

በጥንቃቄ የተሠራ ማስረጃ የለም ማለት አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ 5 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ፖስት ባካሎሬት የተከታተሉትን ካልተከታተሉ መሰሎቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከተከታተሉት 67.6 በመቶ፣ ካልተከታተሉት 22.5 በመቶ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሆኖም መርሐ ግብሮቹ የአካዳሚክ ኮርስ፣ የፈተና ዝግጅትና የማመልከቻ ምክር አንድ ላይ የሚሰጡ፣ ከሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ቅዳሜና እሁድ በተከራየ አዳራሽ የሚሰጥ ቲቶሪያል ይህን ቁጥር ለራሱ ማስታወቂያ ሊያደርገው አይገባም።

ያረጋግጡ፦ ባለፈው ዓመት ኮርሱን ወስደው የተሳካላቸውንም ያልተሳካላቸውንም አግኝተው ያነጋግሩ። ኮርሱ የሚያስተዋውቅዎት ያለፉትን ብቻ ነውና ሌሎቹን ራስዎ ይፈልጉ።

6. የኮሌጁ ፈቃድ ለየትኛው ትምህርት ነው?

አንዳንድ ኮሌጅ «መሰናዶውን እኛ ጋ ጨርሰው በቀጥታ ይቀጥላሉ» ይላል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን ለየትምህርቱና ለየካምፓሱ ነው። መሀል ከተማ ያለው ካምፓስ ፈቃድ ስላለው ብቻ አዲስ የተከፈተው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ደረጃውንም ይለዩ፤ የጥርስ ቴክኒሻን፣ በጥርስ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ባለሙያና የጥርስ ሐኪም የሥራ ድርሻቸው የተለያየ ነው።

ከመግባት በኋላ ያለውንም ይመልከቱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ የመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጠውም። የጤና ባለሙያ ደግሞ ለመሥራት የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ፈቃድ ፈተና ያልፋል። በቀላሉ የሚያስገባ፣ ግን ተማሪዎቹ እነዚህን ፈተናዎች የማያልፉለት ኮሌጅ ዕድልዎን አያሰፋም።

ያረጋግጡ፦ የፈቃዱን ደብዳቤ በዓይንዎ ይዩ፤ የትምህርቱን ስም፣ ካምፓሱንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ፤ ከባለሥልጣኑም ያጣሩ።

7. ሙሉ ወጪው ስንት ነው?

የምዝገባና የወር ክፍያው ጅምር ነው። መጽሐፍና ሞዴል ፈተና፣ የመፈተኛ ክፍያ፣ ትራንስፖርት፣ ሥራ የሚለቁ ከሆነም የሚያጡት ደመወዝ ይጨመርበት። ትምህርቱ ማታ ከሆነ ከአራት ኪሎ ወደ ሐና ማርያም ወይም ወደ ለቡ የሚመለሱበትን ሰዓትና ለጥናት የሚተርፍዎትን ጊዜ ያስሉ። የሳሪስ ሰው በባቡር ሊያሳጥረው ይችላል፤ የጀሞ ሰው ግን የታክሲ ሰልፉን ያውቀዋል።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ይዞ ከሁለት ብርቱ ጓደኞች ጋር በየዕለቱ የሚያጠና ሰው ቲቶሪያል ላያስፈልገው ይችላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን፣ አስቀድመው አንድ ሙሉ ሞዴል ፈተና በሰዓት ይፈተኑ። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ራስዎ ይሙሉት፤ ሰፊ ከሆነና በአንድ ትምህርት ላይ ከሆነ ለዚያ ትምህርት ብቻ መምህር ይያዙ።

ያረጋግጡ፦ ክፍያው በየወሩ መሆኑን፣ ካቋረጡ ምን ያህሉ እንደሚመለስና አስተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ በጽሑፍ ይቀበሉ። ሙሉውን በአንድ ጊዜ አይክፈሉ።

8. ሥራውን በቅርብ አይተውታል?

ዓመት ከመክፈል በፊት አንድ ሳምንት ማየት ይቀድማል። በሰፈርዎ ያለውን የጥርስ ክሊኒክ ባለሙያ አስፈቅደው፣ ታካሚውም ከፈቀደ፣ ጥግ ይዘው ይመልከቱ። ሐኪሙ አንገቱን አዘንብሎ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል መስተዋት እያየ፣ ምራቅና ደም በሚያስቸግረው ጠባብ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት በጣቶቹ ጫፍ ይሠራል። ታካሚው ፈርቶ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጧል፤ እሱን ማረጋጋትም የሥራው አካል ነው። አንዱ ሲወጣ መሣሪያው ታጥቦ፣ ታሽጎ አውቶክሌቭ ይገባል፤ ቀጣዩ ይጠራል። ካናዳ ለብዙ ዓመታት አመልካቾችን ሳሙና እያስቀረጸች የእጃቸውን ቅልጥፍና ትፈትን የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን አይተው ፍላጎትዎ ከጨመረ ይበርቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአፍና የጥርስ ሕመም ከ3.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ያጠቃል፤ አገራችንም ብቁ የጥርስ ሐኪሞች ያስፈልጓታል።

ያረጋግጡ፦ ለባለሙያው «ዛሬ ቢሆን ድጋሚ ይህን ትመርጥ ነበር? ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ሳያቀርቡ አይውጡ።

9. ባይሳካስ?

ጥሩ መዘጋጃ ባይገቡም የሚጠቅም ነገር ይተዋል፤ የሚቆጠር ክሬዲት፣ የተሻለ እንግሊዝኛ፣ ለሌላ የጤና ትምህርት የሚሆን መሠረት። ከአንድ ፈተና ውጪ ለምንም የማይሆን ዝግጅት ሲሆን ግን ወጪውን ያሳንሱ፤ ጊዜውንም በወራት ይገድቡ።

ያረጋግጡ፦ ስንት ጊዜ እንደሚሞክሩና ካልሆነ ወዴት እንደሚሄዱ ዛሬ ከቤተሰብዎ ጋር ይወስኑ። ውጤት በወጣ ማግስት በሐዘን ውስጥ ሆኖ የሚደረግ ውሳኔ ያስቸግራል።

ውሳኔው

የሚገቡበት ተቋም በስም ታውቆ፣ መስፈርቱ በእጅዎ ገብቶ፣ ጉድለትዎ ተለይቶ፣ ኮርሱም ያንኑ ጉድለት የሚሞላ ሆኖ ካገኙት ይክፈሉ፤ ዕድልዎን በእርግጥ ያሳድጋል። ከአራቱ አንዱ እንኳ ካልተሟላ ገንዘቡን ያቆዩትና ያልተሟላውን ያጣሩ። ኮርሱ «ምዝገባ ነገ ያበቃል» ቢልዎትም አይቸኩሉ፤ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባዎት የኮርሱ ምዝገባ ሳይሆን የተቋሙ መስፈርት ነው።